ለካ

ደብዳቤው የመጣው ለደብሩ ነበር፤
ቋንቋውን የሚያውቅ ጠፋና በሰፈር
እኔን አስጠሩኝ፤
ቁስቋም፣ ከዕቃ ቤቱ ደጅ አስቀመጡኝ።
መሪጌታ ልሳነወርቅ መነጽራቸውን ጠረጉ፣
የሚያነቡት ይመስል ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አሉ።
«ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሰባት» ብዬ ጀመርኩ፤
«የራስ ቅል፤ ወንድ፤ ጎልማሳ፤
የተገኘበት ስፍራ፣ ጎንደር፣ ከቀሃ ማዶ፤
ሰጪው፣ ሙሴ ሊንደር፣ የወንጌል መልእክተኛ፤
የግንባሩ ስፋት፣ የመንጋጋው ርዝመት፣
የአፍንጫው ቀዳዳ…»
እዚህ ላይ አቆምኩ።
እሳቸውም «በቃ» አሉ።

ጎንደር ራስ ሲሾም፣ ራስ ሲሻር አይታለች፤
ነጋሪት አስመትታ ለምድ አልብሳ ሰድዳለች፤
እንዲህ ያለ ራስ ግን አላየችም፣
ያለ ነጋሪት የወጣ፣ ያለ አካሉ የሄደ፣
በገለባ ተጠቅልሎ
ሊማሊሞን በበቅሎ የወረደ።

ለካ ሙሴ ሊንደር ሲለካ ነበር።
ቀን ቀን በየመንደሩ
ዓይኑ ለታመመ ጠብታ ሲያደርግ፣
ልጆቹን ሰብስቦ ሀ ሁ ሲያስቆጥራቸው፣
«ሁላችን ያንድ አዳም ልጆች ነን» ሲላቸው፣
ማታ ማታ በኩራዝ
ያዳምን ልጅ ግንባር በብረት ጉጠት ለካ፤
ለካ፣ ጻፈ፣ ለካ፤
ልኩን አገኘሁ አለ።
ልክ እንዳልነበር ማን ይንገረው?

የፈንጣጣው ዓመት ነው።
እንግዳ ብዙ ሞተ፤ ከደምቢያ የመጣ፣ ከቋራ የመጣ፣
ዘመድ ያልደረሰለት፣ መገነዣ ያጣ።
ከቀሃ ማዶ ባንድ ጉድጓድ ሦስት ሦስት ተኙ።
ጅብ ነው አሉ ጠዋት፣ አፈሩ ተጭሮ ሲያገኙ።
ጅብ ግን የቆፈረውን መልሶ አይደፍንም፤
ጅብ የወሰደውን በገለባ አይጠቀልልም።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር።
ቅድመ አያቴ ባያብል ጫኝ ነበር ይሉናል፣
የፈረንጅ መጻሕፍት እስከ ምጥዋ ጭኗል፤
ሰባት ጠገራ ብር ተቀበለ በእጁ፣
በዚያ ብር ተሠራ ቤታችን ከነደጁ።
አባቴ በዚህ ሲኮራ!
«እኛ እኮ የመጽሐፍ ዘር ነን» ይል ነበር ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ።
አክስቴ ይርገዱ ብቻ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ባያብል ከወገራ ወዲያ አላንጎራጎረም።
"ምነው መጽሐፉ ቀለለ?" ብሎ ጠይቆ ነበር፤
ሙሴው መልስ አልሰጠውም፣
አንድ ብር ጨመረለት።»
ደብዳቤውን እንደያዝኩ ብሩን ቆጠርኩ።
ስምንተኛው የት እንደገባ ያን ጊዜ ገባኝ፤
አፉ ውስጥ።

መሪጌታ ቆይተው፣ «ይምጣ» አሉ፤ «ፍትሐት ይደረግለታል።
የክርስትና ስሙ ማን ነው?»
ወረቀቱን ገለበጥኩ። በጀርባውም የለም።
«ሁለት መቶ አሥራ ሰባት።»
«እሱ የመዝገብ ነው። የክርስትናው?»
«ክርስቲያን ይሁን፣ እስላም ይሁን፣ ቤተ እስራኤል ይሁን አልጻፉም» አልኩ፤
«የአፍንጫውን ጽፈዋል።»
ብዙ ጊዜ ቀሃ ሲፈስ አዳመጡ።
«እንግዲያው ስሙን የሚያውቀው ይጥራው» አሉ።

በኅዳር፣ አዘዞ፣ ከአውሮፕላኑ ጥላ ሥር
ፈርሜ ተቀበልኩ። ቀላል ነበር።
ተሸካሚው ልጅ ሳጥኑን ባንድ እጁ አንጠልጥሎ
«እትዬ፣ መጽሐፍ ነው?» አለኝ ፈገግ ብሎ።
ባያብል፣ ሰማህ?
«ሰው ነው» አልኩት።
ልጁ ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ፤
ሳጥኑን በሁለት ክንዱ ደረቱ ላይ አጠበቀ፤
ከዚያ ግራ ገብቶት ወዲያ ወዲህ አዞረና
«ፊቱ በየት በኩል ነው?» አለ።

ያን ሁሉ ቋንቋ የተማርኩት መልስ አጣሁ።
በክዳኑ «ወደ ላይ» የሚል ቀስት አለ፤
ከጎኑ ቁጥር፣ ክብደት፣ የብርጭቆ ሥዕል፤
ፊቱን የሚል የለም።
ልጁ ቀና ብሎ ፀሐይዋን ፈለገ፤
በልቡ ገመተና
ወደ ወጣችበት አዞረው።